ቋንቋ ወንበር ሲያገኝ፦ የጀርመንና የስካንዲኔቪያ ጥናት በዩኒቨርሲቲ

ጆርጅ ቲክነር የተባለ የቦስተን ወጣት በ1814 ጀርመንኛ ለመማር ቆርጦ ተነሣ። በከተማው ቋንቋውን ደህና አድርጎ የሚያስተምር ሰው ስላልነበረ፣ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው ከአልዛስ የመጣ አንድ የሒሳብ መምህር ነበር። በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ የሰዋስው መጽሐፍ ከወዳጁ ከኤድዋርድ ኤቨረት ተዋሰ። መዝገበ ቃላት ኒው ሃምፕሸር ውስጥ እንዳለ ያውቅ ስለነበር ከዚያ ልኮ አስመጣ። የጎተን «ቬርተር» ያገኘው ደግሞ ጆን ክዊንሲ አዳምስ ወደ አውሮፓ ሲሄድ በአደራ ካስቀመጣቸው መጻሕፍት መካከል ሲሆን፣ አደራ ጠባቂው ሳይፈቀድለት አውጥቶ አዋሰው። በማግስቱ ዓመት ቲክነርና ኤቨረት ተያይዘው ለትምህርት ወደ ጎቲንገን ተሻገሩ። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቋንቋ ትምህርት ክፍል ሲባል ቢሮ፣ መደርደሪያ፣ የመምህራን ዝርዝርና የዲግሪ ደንብ ያለው ነገር ስለምናይ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። የጀርመንና የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የሚጠኑበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል ግን ዕድሜው ከሁለት መቶ ዓመት ብዙም አይዘልም። ታሪኩን ስከታተል ደጋግሜ የማገኘው ሁለት ምሰሶ ነው። አንዱ ስለ ቋንቋው እውነቱን ለማወቅ ዕድሜውን የሚሰጥ ሊቅ ነው። ሁለተኛው «ይህ ቋንቋ የኔ ነው» ብሎ ኪሱን የሚዳብስ ሕዝብ ነው። ከሁለቱ አንዱ በጎደለ ጊዜ ሁሉ ክፍሉ ተጎድቷል።

ጀርመን ውስጥ ራሱ ጀርመንኛ ለብዙ ዘመን የዩኒቨርሲቲን ደጅ አልረገጠም። መምህሩም የሚያስተምረው፣ ተማሪውም የሚከራከረው በላቲን ነበር። ክርስቲያን ቶማሲዩስ በ1687 ላይፕሲሽ ላይ በጀርመንኛ አስተምራለሁ ብሎ ሲነሣ ደፋር ተባለ። ነገሩን የለወጠው ሽንፈት ነው። ናፖሊዮን በ1806 ፕሩሲያን ድል ከነሣ በኋላ፣ አገሩን የተነጠቀ ትውልድ በቋንቋውና በጥንት ግጥሙ ውስጥ ራሱን መፈለግ ያዘ። በ1810 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ፍሪድሪሽ ሃይንሪሽ ፎን ደር ሃገን የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። የኒቤሉንገንን ጥንታዊ ግጥም በ1807 ለሕዝብ ያሳተመ ሰው ነበር።

ጥናቱን በጽኑ መሠረት ላይ ያቆሙት ግን ያኮብና ቪልሄልም ግሪም ናቸው። እኛ አገር የምናውቃቸው በተረቶቻቸው ነው፤ የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው በ1812 ነበር። ሁለቱም ማርቡርግ የሕግ ተማሪዎች ነበሩ። መምህራቸው ፍሪድሪሽ ካርል ፎን ሳቪኚ ሕግ የሚገባን ታሪኩን ስንመረምር ነው እያለ ያስተማራቸውን፣ እነሱ ወደ ቋንቋ አሻገሩት። ያኮብ በ1819 «የጀርመን ሰዋስው» የሚለውን ሥራውን የመጀመሪያ ቅጽ አወጣ። ሰዋስው ይባል እንጂ «እንዲህ በል፣ እንዲህ አትበል» የሚል መጽሐፍ አይደለም። ቋንቋው ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ የሚተርክ ታሪክ ነው።

ያኮብ ብቻውን አልነበረም፤ ቀድሞት የነቃ ዴንማርካዊ ነበረ። ራስሙስ ራስክ በድህነት ያደገ፣ ደርዘን ቋንቋዎችን ያጠና፣ አይስላንድኛን እንደ አፍ መፍቻው የወደደ ሰው ነው። የዴንማርክ የሳይንስ አካዳሚ ላወጣው የውድድር ጥያቄ የጻፈው የጥንታዊ ኖርዲክ ቋንቋ አመጣጥ ጥናት በ1818 ታተመ። እዚያ ላይ የሰሜን ቋንቋዎችን ከላቲንና ከግሪክ ጋር ሲያስተያይ ድምፆቹ በዘፈቀደ እንዳልተለያዩ አሳየ። ላቲን «ፒስኪስ» የሚለውን ዓሣ ጀርመንኛው «ፊሽ»፣ ዴንማርክኛው «ፊስክ» ይለዋል። ላቲን «ፓተር» ሲል ጀርመንኛው «ፋተር»፣ ዴንማርክኛው «ፋደር» ይላል። «ፐ» በሥርዓት «ፈ» ሆናለች። ያኮብ ግሪም ይህን አንብቦ በ1822 በታተመው የሰዋስው መጽሐፉ ላይ ወደ ሙሉ ሕግ አሳደገው፤ ዓለምም «የግሪም ሕግ» አለው። ለራስክ ቢያንስ ግማሹ ክብር ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። ለዓመታት ሩስያን፣ ፋርስንና ሕንድን ዞሮ ተመለሰ፤ የምሥራቅ ቋንቋዎች ፕሮፌሰርነት ወንበር አግኝቶ ብዙም ሳይቆይ በ1832 ሞተ። ጀርመንኛና የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩት ራስክና ግሪም ባሳዩት በዚህ ዝምድና ምክንያት ነው።

ግሪሞች በ1830 ጎቲንገን ተሾሙ። በ1837 የሃኖቨር ንጉሥ ኤርንስት አውጉስት የ1833ቱን ሕገ መንግሥት ሲሽር፣ ሰባት ፕሮፌሰሮች «የማልንበትን አንክድም» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከሰባቱ መካከል ናቸው። ንጉሡ ሁሉንም ከሥራ አባረረ፤ ከመካከላቸው ያኮብን፣ ዳልማንንና ጌርቪኑስን ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። ተማሪዎቻቸው እስከ ድንበር ድረስ ሸኟቸው። ከዚህ ታሪክ ሁሉ አንድ ቀን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። የቋንቋ ሊቅ ቃሉን በልቶ ደመወዙን ማቆየት ይችል ነበር፤ እነዚህ ሰዎች አላደረጉትም።

ሥራ አጥ ሆነው ሳሉ አሳታሚዎች መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ጠየቋቸው። በ1838 ተስማሙ። ጥቂት ዓመት ይወስዳል የተባለው ሥራ እነሱን ቀበረ፤ ቪልሄልም «ዲ» የተባለውን ፊደል ጨርሶ ሞተ፣ ያኮብም በ1863 ሲሞት «ፍሩሽት» ማለትም «ፍሬ» የሚለው ቃል ላይ ነበር። ከእነሱ በኋላ ትውልድ ትውልድን እየተካ ቀጠለ። ጀርመን ለሁለት ተከፍላ እንኳ በምሥራቅ በርሊንና በጎቲንገን የነበሩት አዘጋጆች ሥራውን አልተውትም፤ ሠላሳ ሁለት ጥራዝ ሆኖ የተጠናቀቀው በ1961 መግቢያ ላይ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የፈጀ መጽሐፍ መሆኑ ነው።

ያኮብን ሳመሰግን ጥፋቱን አልደብቅም። የሰሜን ቋንቋዎችን ሁሉ «ጀርመን» በሚለው ስም መጠቅለሉ ዴንማርካውያንን አስቆጥቷል፤ ራስክም ተቃውሞታል። በ1846 ፍራንክፈርት ላይ የሕግ፣ የታሪክና የቋንቋ ሊቃውንት «ጀርማኒስት» በሚል የጋራ ስም ሲሰበሰቡ ሰብሳቢው ያኮብ ነበር፤ ከዋና አጀንዳዎቻቸው አንዱ ሽሌስቪግና ሆልሽታይን የማን ናቸው የሚለው ሆነ። በ1848 የቋንቋ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ዩትላንድን ለጀርመን የሚያቀርብ ክርክር አስገባ። ሊቁ የድምፅ ሕጉን ትቶ የድንበር ካርታ ማስመር ጀመረ ማለት ነው። ይህ ዘር ከመቶ ዓመት በኋላ ምን እንዳበቀለ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ስካንዲኔቪያውያን በበኩላቸው የራሳቸውን ወንበር አቆሙ። ኮፐንሃገን በ1845 ኒልስ ማቲያስ ፔተርሰንን የኖርዲክ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመ። በዴንማርክ ንጉሥ ሥር በነበረችው በኪል ክሪስቲያን ፍሎር ከ1826 ጀምሮ ዴንማርክኛ ሲያስተምር ቆይቶ ነበር። በ1864ቱ ጦርነት ዴንማርክ ተሸንፋ ኪል ከእጇ ስትወጣ የትምህርቱ ዓላማም አብሮ ተለወጠ። በማግስቱ ዓመት ቴዎዶር ሜቢዩስ የኖርዲክ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ሆኖ ወደ ኪል መጣ።

ያችው ኪል ለእኛም ባዕድ አይደለችም። ሜቢዩስ ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከዚያ የለቀቀው ፕሮፌሰር አውጉስት ዲልማን ነበር። በ1857 የታተመውን የግዕዝ ሰዋስው ያዘጋጀው ኪል ሳለ ነው፤ በ1865 የተጠናቀቀው የግዕዝ መዝገበ ቃላቱም ብዙው የዚያው ዘመን ድካም ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጎታ ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው የጀመሩት ሥራ በዲልማን እጅ ለአቅመ ሙሉ ጥናት ደረሰ። የብራና ቅጂዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት፣ ቃልን በአገባቡ መዝግቦ መያዝ፣ ያላዩትን አለመጻፍ፤ ለኒቤሉንገን ግጥምም ሆነ ለመጽሐፈ ሄኖክ የዋለው ያው አንድ ሙያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ወንበሩን የተከለው ስደተኛ ነው። ቻርልስ ፎለን በፖለቲካው ምክንያት ከጀርመን ሸሽቶ ወጣና በ1825 ሃርቫርድ የመጀመሪያው የጀርመንኛ መምህር ሆነ። ጀርመንኛ መጽሐፍ በመጻሕፍት መደብሮች አይገኝም ነበር። ስለዚህ ማንበቢያውን ራሱ እያሰናዳ፣ በላቲን ፊደል እያስተየበ፣ ለተማሪዎቹ በየትምህርቱ አንድ አንድ ወረቀት ያድላቸው ነበር። እነዚያ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ሲጨርሱ መጽሐፉም አብሯቸው ተጠናቀቀ። ፎለን በ1830 ፕሮፌሰር ሆነ፤ ባርነትን በግልጽ በመቃወም ይታወቅ ነበር፣ ሹመቱም በ1835 ሳይታደስ ቀረ። በ1840 የተሳፈረባት «ሌክሲንግተን» የምትባል መርከብ በእሳት ስትጋይ ሞተ።

የስካንዲኔቪያ ጥናት ደግሞ የገበሬ ልጅ ሥራ ነው። ራስመስ አንደርሰን በ1846 ዊስኮንሲን ውስጥ ከኖርዌይ ከመጡ ቤተሰብ ተወለደ። በማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህር ሆኖ ከገባ በኋላ ኖርዌይኛን ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ለማስገባት ሲታገል፣ መጀመሪያ የጎደለው መጽሐፍ ነበር። ስመ ጥሩው የኖርዌይ ቫዮሊን ተጫዋች ኦሌ ቡል ያን ጊዜ በማዲሰን ይኖር ስለነበር፣ ለኖርዌይ መጻሕፍት መግዣ የሚሆን ኮንሰርት አሳየለት። በ1875 አንደርሰን የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ተባለ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የስካንዲኔቪያ ጥናት ክፍል የሚቆጠረው ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው። አንደርሰን ኮሎምበስ አሜሪካን ቀድሞ አላገኘም የሚል መጽሐፍ ጽፎ ብዙ አከራክሯል፤ ሊቅነቱ ከቀስቃሽነቱ ያነሰ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቢሆንም እሱ ያኔ ባይጮህ ኖሮ ከእሱ የበለጡት ሊቃውንት የሚቀመጡበት ወንበር አይኖርም ነበር። ሲያትል ላይም ታሪኩ ይመሳሰላል፤ በ1909 የዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት በሕግ የስካንዲኔቪያ ትምህርት ክፍል በዩኒቨርሲቲው እንዲቋቋም የወሰነው የስካንዲኔቪያ ስደተኞች ስለጠየቁ ነው።

ከዚያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። አሜሪካ በ1917 ጀርመንን ስትወጋ ቋንቋው እንደ ጠላት ተቆጠረ። ከጦርነቱ በፊት በአሜሪካ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሩብ ያህሉ ጀርመንኛ ይማሩ ነበር፤ በ1922 ከመቶ አንድ እንኳ አልቀረም። ስካንዲኔቪያውያንም አልተረፉም። የአይዋ አገረ ገዥ ዊሊያም ሃርዲንግ በግንቦት 1918 ባወጣው አዋጅ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያን ሳይቀር እንዳይነገር ከለከለ። ልጃቸው በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚዋጋላቸው የኖርዌይና የዴንማርክ ተወላጅ እናቶች በቋንቋቸው ስብከት መስማት ተከለከሉ። አዋጁ የተሻረው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። በነብራስካ ሮበርት ሜየር የተባለ መምህር ለአንድ ልጅ በጀርመንኛ ስላስነበበ ተቀጣ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1923 ሕጉ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ተብሎ ተሻረ። ፍርዱ ቢመጣም በአገሪቱ የጀርመንኛ ትምህርት ያጣውን ትውልድ መልሶ አላገኘውም።

ከዚህ ጥፋት በኋላ የተነሣው አይናር ሃውገን ለእኔ የሙያው ምሳሌ ነው። በ1906 አይዋ ውስጥ ከኖርዌይ ስደተኞች ተወልዶ፣ በ1931 የማዲሰንን ወንበር ተረከበ፤ እስከ 1964 ድረስ እዚያው አስተማረ። በየእርሻው እየዞረ የሽማግሌዎችንና የባልቴቶችን ንግግር በሸክላ ቀረጸ። ኖርዌይኛቸው በእንግሊዝኛ ቃላት የተሞላ ነበር፤ የአጥሩን፣ የሱቁን፣ የማረሻውን ስም ከጎረቤት ወስደው የኖርዌይ መድረሻ ይቀጥሉበታል። ከኦስሎ የመጣ ምሁር ሰምቶ «ተበላሸ» ይል ይሆናል። ሃውገን ግን ቅይጡ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ቆጥሮ፣ መድቦ፣ በ1953 በሁለት ቅጽ አሳተመ። ዋሽንግተንና ሚኒያፖሊስ ያሉ ልጆቻችን አማርኛን ከእንግሊዝኛ ጋር ሲያዋህዱ የምንቆጣ ሁሉ የሃውገንን ሥራ ብናውቀው ይጠቅመናል።

ወደ ጀርመን ልመለስ፤ እዚያ ክፍሉ የወደቀው በክልከላ ሳይሆን በውዴታ ነው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ የአይሁድ ተወላጅ መምህራን በሚያዝያ በወጣ ሕግ ተባረሩ። በግንቦት 10 ቀን ተማሪዎች መጻሕፍት ሲያቃጥሉ፣ ቦን ላይ በእሳቱ ፊት ቆመው ንግግር ካደረጉት አንዱ የጀርመን ጥናት ፕሮፌሰሩ ሃንስ ናውማን ነበር። የጥንት አይስላንድ ግጥሞች ስለ ዘር ጥራት የሚሰብኩ ተደርገው ተነበቡ፤ የናዚው መሪ የሂምለር ድርጅት «አነንኤርበ» ለዚህ ሥራ ሊቃውንት ቀጠረ። ያኮብ ግሪም በ1848 የጀመረው ካርታ የማስመር ሥራ እዚህ ደረሰ።

ከእነዚያ ሊቃውንት የአንዱ ታሪክ ለብቻው ይነገር። ሃንስ ኤርንስት ሽናይደር የናዚ ኤስኤስ መኮንን ሆኖ በተያዘችው ሆላንድ ለአነንኤርበ ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሞቷል ተባለ። ሃንስ ሽቬርተ የሚል አዲስ ስም ይዞ ብቅ አለ፤ «ባል የሞተባት» ሚስቱን ደግሞ አገባት። እንደገና ዶክትሬቱን ሠራ፣ ስለ ፋውስት የተደነቀ መጽሐፍ ጻፈ፣ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ከ1970 እስከ 1973 በአኸን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ነበር። በለዘብተኛነቱም ተወደሰ። በ1995 የሆላንድ ጋዜጠኞች ሊያጋልጡት ሲቃረቡ ቀድሞ ራሱ ተናገረ፤ ተሰጥቶት የነበረውን ሽልማትና የፕሮፌሰርነት ጡረታውንም ተነጠቀ። በመሠረቱ ሙያው ራሱን መመርመር የጀመረው በ1966 ሙኒክ ላይ ነው። ኤበርሃርት ሌመርትና ካርል ኦቶ ኮንራዲን የመሳሰሉ ወጣት ፕሮፌሰሮች በጉባኤው ላይ ተነሥተው የመምህራኖቻቸውን ጥፋት በስም አነሡ። ሃያ አንድ ዓመት ዘግይቷል፤ ግን ተደርጓል። ሽቬርተ በዚያን ጊዜ በወንበሩ ላይ መሆኑ ምርመራው ምን ያህል እንደጎደለው ያሳያል።

በሰሜን የሆነው ግን ያጽናናል። አይስላንዳዊው ሊቅ አርኒ ማግኑሶን የአገሩን የብራና መጻሕፍት ከየገበሬው ቤት ሰብስቦ ወደ ኮፐንሃገን ወሰደ። በ1728 ከተማዋ ስትቃጠል አብዛኞቹን ብራናዎች አተረፈ፤ ሲሞትም ለዩኒቨርሲቲው ተናዘዘ። አይስላንድ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ «መልሱልን» አለች። የዴንማርክ ፓርላማ በ1961 ይመለሱ ብሎ ወሰነ፤ ክሱና ክርክሩ አሥር ዓመት ፈጀ። ሚያዝያ 21 ቀን 1971 የዴንማርክ የባሕር ኃይል መርከብ «ኤዳ» የተባሉትን ጥንታዊ ግጥሞች የያዘውን ብራናና «ፍላተይ» የተባለውን ትልቅ መጽሐፍ ይዛ ሬይኪያቪክ ስትደርስ ትምህርት ቤትና ሱቅ ተዘግቶ ሕዝቡ ወደብ ላይ ወጣ። የመጨረሻዎቹ የተመለሱት በ1997 ነው። ኮፐንሃገንም የቀረላትን ይዛ እስከ ዛሬ ታጠናለች፤ የሁለቱ ከተሞች የጥናት ተቋማት ተባብረው ይሠራሉ። የመቅደላን የብራና መጻሕፍት የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ልቡ የት እንደሚሄድ መናገር አያስፈልገኝም።

ዛሬ የነዚህ ክፍሎች ጠላት አዋጅ ሳይሆን በጀት ነው። በማዲሰን የአንደርሰን ክፍል ከጀርመንና ከስላቭ ጥናት ጋር ተዋሕዷል። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ በመስከረም 2023 የውጭ ቋንቋ ዲግሪዎቹን በሙሉ ዘጋ፤ ጀርመንኛም አብሮ ሄደ። ተማሪ አነሰ የሚለው ምክንያት በቁጥር ደረጃ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተዘጋ ክፍል መምህሩም፣ መጻሕፍት መራጩም፣ ተከታዩም አብሮ ስለሚበተን መልሶ ማቆም ከመጀመሪያው ይከብዳል። የአሜሪካን ጀርመንኛ ከ1918 በኋላ የገጠመው ይህ ነው።

ኦሌ ቡል በቫዮሊኑ ያደረገውን እኛም ስናደርግ አይተናል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት እንዲቋቋም የኢትዮጵያ ተወላጆች ማኅበር ሲንቀሳቀስ፣ ድምፃዊው አቤል ተስፋዬ በ2016 ሃምሳ ሺህ ዶላር ሰጠ፤ በ2017 ትምህርቱ ተጀመረ። የዊስኮንሲን ኖርዌያውያን ሲጀምሩ ከዚህ የበለጠ ሀብት አልነበራቸውም። በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርት፣ በቴል አቪቭ የምትኖሩ ወገኖች፦ በአቅራቢያችሁ ባለ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ወይም ግዕዝ የሚሰጥ ከሆነ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ። የማይሰጥ ከሆነ ተሰብስባችሁ ጠይቁ፤ የሲያትል ስካንዲኔቪያውያን ምክር ቤት ድረስ የሄዱት በጥያቄ ነው። የአባቶቻችሁን መጽሐፍና ደብዳቤም አትጣሉ፤ ለቤተ መጻሕፍት ስጡ።